ከመውደቅ በፊት ያለችው እርምጃ

የሰው ልጅ ሲራመድ በየእርምጃው ሰውነቱን ወደፊት ይጥላል። የተነሳው እግር ቶሎ ደርሶ ባይቀበለን ኖሮ በግንባራችን በተደፋን ነበር። ነገሩ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚያልቅ ግን በዓይን ብቻ ተከታትሎ ማጥናት ያስቸግራል።

ስለዚህ ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኤትየን ዡል ማሬ እ.ኤ.አ. በ1882 በሰከንድ 12 ፎቶግራፍ የሚያነሳ ጠመንጃ መሰል ካሜራ ሠራ። ቆይቶም ሰውን ጥቁር ልብስ አልብሶ፣ በክንዱና በእግሩ ላይ ነጭ መስመር አድርጎ፣ በጥቁር ግድግዳ ፊት እያስኬደ አነሳ። በፎቶግራፉ ላይ ሰውየው ጠፍቶ የመስመሮቹ ጉዞ ብቻ ታየ።

ዛሬ «ሞሽን ካፕቸር» የሚባለው የእንቅስቃሴ ቀረፃም መነሻ ሐሳቡ ይኸው ነው። በቁርጭምጭሚት፣ በጉልበትና በዳሌ ላይ ብርሃን የሚመልሱ ትንንሽ ኳሶች ይለጠፋሉ። ዙሪያውን የቆሙት ካሜራዎች ታህተ ቀይ ጨረር እየላኩ በሰከንድ 100 እና ከዚያም በላይ ምስል ያነሳሉ። አንዷን ኳስ ቢያንስ ሁለት ካሜራዎች ካዩዋት ኮምፒዩተሩ ያለችበትን ቦታ ያሰላል። እስቲ አንድ ዓይናችንን ጨፍነን መርፌ ላይ ክር እናስገባ፤ ሁለቱ ለምን እንዳስፈለጉ ወዲያው ይገባናል።

ታዲያ ምን ተገኘ? በደልዳላ መሬት ስንራመድ፣ ወደፊት የሚያልፈው እግር ጣት መሬቱን የሚርቀው በ1 ወይም በ2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የምንጣፍ ጠርዝ አረጋዊን የሚጥለው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ጥፋቱ ሁሉ የእንቅፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት፣ በካናዳ በሁለት የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች ተራ የቪዲዮ ካሜራዎች 227 አወዳደቆችን ቀርፀው ነበር። በእንቅፋት ወይም በመደናቀፍ የደረሱት ከመቶ 21 ሲሆኑ፣ ክብደትን አለቦታው በማዛወር የደረሱት ግን ከመቶ 41 ናቸው። ይኸውም እግር ሳይዘጋጅ ሰውነት ሲቀድም ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው መውደቅ በየዓመቱ 684,000 ሰው ይገድላል፤ ይበልጥ የሚጎዱትም ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ መንገዱን ከማጽዳት ሌላ እግርን የሚያጠነክርና ሚዛን መጠበቅን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል።

እኛ ዕጩ መምህራንስ? በጓደኛችን ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና ዳሌ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፈን፣ አረማመዱን በስልክ ቀርፀን፣ ቀስ አድርገን እንየው። ነገ ለተማሪዎቻችን ይህንኑ ብናሳይ ትምህርቱ እቤት አያቶቻቸው ዘንድ ይደርሳል።