የተበተነው ፋይልና የዘገየው ኮምፒውተር

በመቱ፣ በጎሬና በበደሌ፣ ማመልከቻ በሚጻፍባቸው፣ መዝሙርና ፊልም በፍላሽ በሚጫንባቸው ሱቆች፣ ብዙ ዘመን ያገለገለ ኮምፒውተር መዘግየት በጀመረ ጊዜ ባለቤቱ ወይ «ፎርማት ይደረግ» ይላል፣ ወይም አርጅቷል ብሎ ይፈርድበታል። መሣሪያው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው እንደ ሆነ ግን ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ያለ ምርመራ የተሰጠ ነው፤ በፎርማትም ሳቢያ ቅጂ ያልተያዘለት የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ጠፍቶ ቢቀር እጅግ ያሳዝናል።

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 የመጀመሪያውን ሃርድ ዲስክ ካወጣ ወዲህ የአሠራሩ መሠረት አልተለወጠም፤ መግነጢሳዊ ሰሌዳ ይዞራል፣ በላዩም በክንድ የተያዘ የንባብ ራስ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይመላለሳል። ሰሌዳው በእኩል ትንንሽ ክፍሎች፣ በዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ በ4 ኪሎባይት፣ ስለሚመደብ፣ አንድ መዝሙር ሲሰረዝ ክፍት ቦታ ይቀራል፤ ኋላ የሚመጣው ረጅም ፊልምም አንድ ወጥ ስፍራ ሲያጣ በየክፍተቱ ተቆራርጦ ይገባል። የድጓ ቅጠሎች ከጥራዛቸው ተፈትተው በዕቃ ቤቱ ማዕዘናት ሁሉ ቢበተኑ፣ ቃሉ ምሉዕ ሆኖ ሳለ መሪጌታው ለእያንዳንዱ ቅጠል መነሣት ግድ እንደሚሆንበት፣ የንባቡም ራስ እንዲሁ ይደክማል። በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንዱን ዙር ለመፈጸም 11 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይወስድበታል፤ ክንዱ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ተጨምሮ አንድ ቁራጭ ለማግኘት 15 ሚሊ ሴኮንድ ቢፈጅ፣ በ1000 ስፍራ የተበተነ ፋይል ለፍለጋ ብቻ 15 ሴኮንድ ይበላል ማለት ነው።

ዲፍራግ የተባለው ሥራ እነዚህን ቁርጥራጮች አሰባስቦ በተርታ ያኖራል፣ ባዶውንም ስፍራ በአንድነት ያከማቻል። ዊንዶውስ ይህን በየሳምንቱ በራሱ እንዲፈጽም የታሰበለት ቢሆንም፣ እስከ አፉ የሞላ ዲስክ ማዘዋወሪያ ቦታ ስለማይኖረው፣ ከመቶ 15 እጅ ያህሉን ባዶ ማድረግ ይገባል። ዲፍራግ የማስታወሻ (ራም) ማነስንና ቫይረስን ግን አይፈውስም።

በአዳዲስ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ኤስኤስዲ የሚዞር ሰሌዳም የሚመላለስ ራስም ስለሌለው ከዲፍራግ የሚያገኘው ጥቅም ኢምንት ነው፤ የመጻፍ ዕድሜው የተወሰነ በመሆኑም ያለ ፍሬ ይደክማል። የሚዞረውም ዲስክ ቢሆን ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ከጀመረ፣ ከዲፍራግ አስቀድሞ ሰነዱ ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይቀዳ።