የሦስተኛው ፎቅ ሰዎች

የመዝናኛ መርከብ ሲነሣ ከ2020 ወዲህ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው ኮሮናን ነው። "ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ የበሽታ መናኸሪያ" ሲሉት ሰምቻለሁ፤ የመርከብ ጉዞ እንደምወድ የሚያውቁ ወዳጆቼም ቡና በተፈላ ቁጥር ይህንኑ ያነሡብኛል። ለእኔ ይህ ስም ለመርከቡም ሆነ በውስጡ ለሚሠሩት ሰዎች የሚገባ አይደለም። ወረርሽኝ በገባበት ሰዓት ሦስትና አራት ሺህ ሰው በአንድ መርከብ ውስጥ ማብላት፣ ማስተኛት፣ ማከምና ለየብቻ ማቆየት ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀኖች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መርከቡ ራሱ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። መኝታ፣ ምግብ ቤት፣ ቲያትርና መዋኛ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ተጉዞ ቀን ወደብ ላይ የሚቆም ትልቅ መርከብ ነው። ተሳፋሪው ከላይ ባሉት ፎቆች ይኖራል፤ ሠራተኛው ከታች፣ ከባሕሩ ወለል ብዙም በማይርቁት ፎቆች። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ።

የጤና ደንቡ ከኮሮና ጋር የመጣ የሚመስለው ብዙ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ የመርከቦችን ንጽሕና የሚቆጣጠርበት ፕሮግራም የተቋቋመው በ1975 ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ሳይነግሩ ይመጣሉ። የማቀዝቀዣውን ሙቀት ይለካሉ፤ የመዋኛውን ክሎሪን፣ የመጠጥ ውኃውን፣ የሰሃን ማጠቢያውን ማሽን ሳይቀር ያያሉ፤ ከዚያ ከ100 ነጥብ ይሰጣሉ። 86 ያላገኘ ወድቋል፤ ውጤቱም ለማንም ክፍት ነው። ተሳፋሪ ይሁን ሠራተኛ፣ 3 በመቶው በተቅማጥና በትውከት የታመመበት መርከብ ስሙ ይፋ ይወጣል። ሰው መርከብን ከሆድ ሕመም ጋር አያይዞ የሚያየውም በዚህ የተነሣ ነው፤ መርከብ ላይ የታመመ ሰው ይቆጠራል፤ ሠርግ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ የታመመውን እንዲህ አጥብቆ የሚቆጥረው የለም። ዋናው የሆድ ሕመም አምጪ ኖሮቫይረስ ነው፤ ከሚመዘገቡት የኖሮቫይረስ ወረርሽኞች ውስጥ በመዝናኛ መርከብ ላይ የሚነሡት 1 በመቶ ያህል ብቻ እንደሆኑ ይኸው ማዕከል ይናገራል።

እዚህ ላይ ሳልቆጣ የማላልፈው ነገር አለ። የቡፌው በር ላይ ሳሙናና ለብ ያለ ውኃ ያለው መታጠቢያ ተደርድሯል፤ አጠገቡ ሳኒታይዘር ተሰቅሏል። አብዛኛው ሰው ሳኒታይዘሩን አንዴ ጫን አድርጎ እጁን እያሻሸ ወደ ሰሃኑ ያልፋል። አልኮል ለኮሮና ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ቫይረሱ የተጠቀለለበትን የስብ ሽፋን ያፈርሰዋል። ኖሮቫይረስ ግን ያ ሽፋን የለውም፤ አልኮሉ እምብዛም አይጎዳውም። እሱን ከእጅ የሚያወርደው በሳሙና በደንብ መታሸትና በውኃ መለቃለቅ ነው። ማዕድ ከመቅረቡ በፊት ማስታጠቢያና ፎጣ ተይዞ ሲዞር ያየን ሰዎች መርከብ ላይ ስንወጣ ይህን ለምን እንደምንተወው አይገባኝም።

አሁን ወደ ዳይመንድ ፕሪንሰስ ልምጣ። ሚትሱቢሺ ናጋሳኪ ላይ የሠራው፣ በ2004 ሥራ የጀመረ፣ 290 ሜትር የሚረዝም መርከብ ነው። ጃንዋሪ 20 ቀን 2020 ከዮኮሃማ ተነሣ። ከአምስት ቀን በኋላ ሆንግ ኮንግ ላይ የወረደ አንድ ተሳፋሪ ኮሮና እንዳለበት የታወቀው በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ነው። መርከቡ ፌብሩዋሪ 3 ዮኮሃማ ተመልሶ ሲቆም 3,711 ሰው ይዞ ነበር፤ 2,666 ተሳፋሪና 1,045 ሠራተኛ። ፌብሩዋሪ 5 ጠዋት ተሳፋሪው ሁሉ ከክፍሉ እንዳይወጣ ታዘዘ።

በቴሌቪዥን ያየነው ተሳፋሪውን ነው። በረንዳው ላይ ቆሞ እጁን የሚያውለበልበው፣ ጨርቅ ላይ መድኃኒት አለቀብን ብሎ ጽፎ የሚሰቅለው፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ሆኖ በስልኩ ራሱን የሚቀርጸው። መከራቸው እውነተኛ ነው። አብዛኞቹ ዕድሜያቸው የገፋ፣ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ነበሩ። መስኮት በሌለው ክፍል ያሉት ማስክ አድርገው፣ ተራርቀው፣ በየተራ ለጥቂት ጊዜ አየር እንዲወስዱ ወደ ላይ ይወጡ ነበር። ለየክፍሉ ቴርሞሜትር ታደለ፤ የጃፓን መንግሥትም ከሐኪም ጋር የሚነጋገሩባቸው 2,000 ያህል አይፎኖች ላከ።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ወሬ አንድ ስሕተት ተረፈን፤ እስከ ዛሬም አልጠራም። "መርከቡ በሙሉ ኳራንቲን ገባ" ይባላል። አልገባም። ኳራንቲን የገባው ተሳፋሪው ነው፤ ሠራተኛው ሥራ ላይ ነበር።

ሥራው ምን እንደሆነ እንይ። ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት ሰው በሩን ዘግቶ በቀን ሦስት ጊዜ ይበላል። ቡፌው ተዘግቷል፤ ምግብ ቤቱ ተዘግቷል። ምግቡ ይበስላል፤ በትሪ ይደረደራል፤ በጋሪ ተጭኖ በሊፍት ይወጣል፤ ረጅሙን ኮሪደር ይዞ በር በበር እየተንኳኳ ይታደላል። አንዱ ስኳር ያለበት ነው፤ ሌላው ሥጋ አይበላም፤ ይህም ተለይቶ መድረስ አለበት። ከዚያ የተበላበት ሰሃንና ማንኪያ ይለቀማል፤ ይወርዳል፤ ይታጠባል። ይህ ሳያልቅ ምሳ ይደርሳል። ውኃውም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። መርከብ የሚጠጣውንና የሚታጠብበትን ውኃ ከባሕር እያጣራ ያዘጋጃል፤ ይህ የሚሠራው ወደብ ላይ ተቁሞ ስላልሆነ ዳይመንድ ፕሪንሰስ በዚያ ኳራንቲን መሐል ወደ ሰፊው ባሕር ወጥቶ መመለስ ነበረበት። ሞተሩ ጋ የሚቆመውና መሪውን የሚይዘው ሰው ክፍሉ ውስጥ ቢዘጋበት መርከቡ ራሱ አይኖርም።

ይህን ሲሠራ የዋለው ሰው ማታ የሚገባው ወዴት ነው? ብዙውን ጊዜ ከሌላ ሠራተኛ ጋር ወደሚጋራት ጠባብ ክፍል። የሚበላው በጋራ መመገቢያ ውስጥ፣ ከጓደኞቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ ነው። ከሠራተኞቹ መጀመሪያ የታመመው የምግብ ክፍል ሰው ነበር፤ ትኩሳት የጀመረው ፌብሩዋሪ 2፣ ማለትም መርከቡ ዮኮሃማ ከመመለሱም በፊት ነው። በኋላ የጃፓን የጤና ባለሙያዎች ባደረጉት የመጀመሪያ ማጣራት፣ በሽታው እንዳለባቸው ከተረጋገጠ 20 ሠራተኞች 15ቱ የምግብ ክፍል ሰዎች ሆነው ተገኙ። ከሃያዎቹ 16ቱ የሚያድሩት በሦስተኛው ፎቅ ነበር፤ የምግብ ክፍል ሠራተኞች የሚኖሩበት ፎቅ ነው።

ይህን ሳነብ ድግስ ትዝ አለኝ። እንግዳ የሚያየው ዳሱን ነው፤ ድግሱ የሚያልቀውም የሚበላሸውም ጓዳው ውስጥ ነው። በዚያ መርከብ ላይ ዳሱ በጥንቃቄ ተዘጋ፤ ጓዳው እንደ ወትሮው ተከፍቶ ቀረ። ሌላ ማን ሊያበላ ይችል ነበር ብትሉኝ፣ በዚያ ሳምንት ዮኮሃማ ላይ ማንም አልነበረም። እኔን የሚያሳዝነኝ ታሪኩ ሲነገር እነዚህ ሰዎች መውደቃቸው ነው። አብዛኞቹ ፊሊፒናውያን፣ ሕንዳውያንና ኢንዶኔዥያውያን ናቸው። በመጨረሻ 712 ሰው ተያዘ፤ 567 ተሳፋሪ፣ 145 ሠራተኛ። ከደርዘን በላይ ሰው ሞተ። ከተያዙት ግማሽ ያህሉ ሲመረመሩ ምንም ምልክት አልነበራቸውም፤ ትኩሳት ለክቶ ብቻ ማሳለፍ ምን ያህል ቀዳዳ እንዳለው በግልጽ ካሳዩት አንዱ ይህ መርከብ ነው። ጤነኛው ተሳፋሪ ከፌብሩዋሪ 19 ጀምሮ ሲወርድ የሠራተኛው ኳራንቲን ገና አልተጀመረም ነበር። ካፒቴን ጄናሮ አርማ ማርች 1 ቀን የመጨረሻው ሰው ሆኖ ወረደ።

በዚያው ወር መርከቦች በዓለም ዙሪያ ቆሙ። ሲዲሲ ማርች 14 የመጓዝ ክልከላ አወጣ፤ ወደቦች ተዘጉ፤ አየር መንገዶች ቀነሱ፤ ሠራተኛው ባዶ መርከብ ላይ ቀረ። በ2022 መጀመሪያ ከፍሎሪዳ በተነሣ መርከብ ላይ ማታ ማታ ያስተናግደን የነበረ ፊሊፒናዊ ያን ጊዜ አጫውቶኛል። ከታች ከነበረበት የጋራ ክፍል አውጥተው በረንዳ ያለው የተሳፋሪ ክፍል ለብቻው ሰጡት፤ ምግቡ በር ላይ ይቀመጥለታል፤ በሩን ሲከፍት ያመጣው ሰው ሄዷል። ለወራት እንዲህ ኖረ። ከዚያ ወዲህ እሱ ራሱ ለታመመ ሰው ምግብ ሲያደርስ አንኳኩቶ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ይልና በሩ እስኪከፈት ይጠብቃል፤ ሰውየው ፊት አይቶ እንዲበላ ብሎ ነው። ማንም አላዘዘውም። በጭነት መርከቦች ላይ ያሉት ደግሞ ከዚህም የባሰ ጠብቀዋል፤ በ2020 መጨረሻ ውላቸው አልቆ መውረድ ያልቻሉ መርከበኞች 400,000 ያህል ነበሩ። ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ ባሕር ዳር ሠልጥነው በውጭ ኩባንያዎች መርከቦች የሚሠሩ ልጆች አሉን።

ከዚያ በኋላ የወጡት ደንቦች ይህን ጓዳ ያሰቡ ነበሩ፤ የወደድኳቸውም ለዚህ ነው። ኦገስት 16 ቀን 2020 ኤምኤስሲ ግራንዲዮሳ ከጄኖቫ ሲነሣ ተሳፋሪውም ሠራተኛውም ተመርምሮ ነበር፤ መርከቡም ሙሉ አልተጫነም። ወደብ ላይ መውረድ የሚቻለው መርከቡ ባዘጋጀው ቡድን ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ጉዞ ጣሊያን ውስጥ ከቡድኑ ተለይቶ የሄደ አንድ ቤተሰብ ተመልሶ እንዳይሳፈር ተከለከለ። ጨካኝነት ነው ያሉ ነበሩ፤ እኔ ልክ ነው እላለሁ። አንድ ሰው ከተማ ውስጥ ያሻውን ዞሮ ሲመለስ በሽታውን የሚያወርደው እራት ለሚያቀርብለት ልጅ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከፋይ ተሳፋሪ የያዘ የትልልቅ መርከቦች ጉዞ እንደገና የተጀመረው ጁን 26 ቀን 2021 በሰለብሪቲ ኤጅ ነው። ክትባቱ፣ ምርመራው፣ ለሕሙማን የሚጠበቁት ባዶ ክፍሎች በዚያን ጊዜ የለመድናቸው ነበሩ።

እኔ በሄድኩበት ጊዜ ቡፌው ላይ ማንኪያውን የሚይዘው ሠራተኛ ነበር፤ ሊፍት ውስጥ ማስክ ግዴታ ነበር። ከሁሉም ያናድደኝ የነበረው ሊፍቱ ሲዘጋ ማስኩን ወደ አገጩ የሚያወርደው ሰው ነው። ሁለተኛው እያሳለው "አለርጂ ነው" የሚለው ነው። ክፍሌ ይዘጋብኛል ብሎ የሚደብቀው ሕመም ከእሱ ጋር አይቀርም።

ወረርሽኙ ጥሎልን ከሄደው ውስጥ የአደጋ ጊዜ ልምምዱ አዲስ መልክ አለ። ድሮ ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ሰዓት ተጠርቶ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ቆሞ ማብራሪያ ይሰማ ነበር። ይህን ልምምድ የሚንቅ ሰው ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለውን መርከብ ያስታውስ። ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ጣሊያን ጂልዮ ደሴት አጠገብ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ 32 ሰው ሲሞት፣ በዚያው ምሽት የተሳፈሩት ልምምዱን ገና አልወሰዱም ነበር። ከዚያ ወዲህ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያው እንዲሰጥ ተደረገ። በኮሮና ጊዜ ደግሞ ያ ግፊያ ቀረና ብዙ መርከቦች ላይ ማብራሪያውን በስልክ ወይም በክፍሉ ቴሌቪዥን አይቶ፣ በየራሱ ሰዓት መሰብሰቢያ ቦታው ድረስ ሄዶ ካርድን ማስነበብ ሆነ። ጥሩ ለውጥ ነው፤ ብቻ ቪዲዮውን ድምፁን አጥፍተው አስጀምረው ሻንጣ የሚፈቱ አሉ። ሰባት አጭርና አንድ ረጅም ጡሩምባ ስትሰሙ ምን እንደምታደርጉ የሚነገረው እዚያ ነው።

የምትሄዱ ከሆነ ሁለት ነገር ልጨምር። ካመማችሁ በእግራችሁ ወደ ክሊኒኩ አትውረዱ። ክሊኒኩ ብዙውን ጊዜ ከታች፣ ሠራተኛው በሚመላለስባቸው ፎቆች ላይ ነው። የክፍላችሁን ስልክ አንሡ፤ እነሱ ይመጣሉ ወይም በየት እንደምትወርዱ ይነግሯችኋል። የየቀን መድኃኒታችሁንም ለጉዞው ከሚበቃው በላይ፣ ተጨማሪ ሁለት ሳምንት የሚያደርስ አድርጋችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙ። ትልቁ ሻንጣ ክፍል የሚደርሰው አንዳንዴ ማታ ነው።