ሐይቅ ዳርን ሳያዩ ለሚመለሱ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ለስብሰባና ለሥልጠና ወደ ሐዋሳ የሚላከው የመንግሥት ሠራተኛ ቍጥሩ ቀላል አይደለም። ዳሩ ግን ሲመለስ ምን አይተህ መጣህ ቢሉት ከአዳራሹና ከሆቴሉ ምሳ በቀር የሚያወራው ጥቂት ነው። ገንዘብ የማይጠይቅ መልካም ሰፈር በአጠገቡ ሳለ ሳያየው ስለሚመለስ፣ ይህች ጽሑፍ በአምድዎ ላይ እንድትወጣልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። ለውሃው የቀረበው ክፍሏ ስሙም ሐይቅ ዳር ነው። የዚህ ሰፈር ጠባይ አለመቸኮል ነው። ሐይቁ ሞልቶ ወደ ከተማው እንዳይገባ የተሠራው ግድብ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ የሕዝብ መንሸራሸሪያ ይሆናል። ሽማግሌው ፊቱን ወደ ውሃው አድርጎ ይቀመጣል፤ ወጣቶቹ ፍቅር ሐይቅ ወደ ተባለው ስፍራ ያመራሉ፤ ስሙ ስለሚናገር እኔ ምንም አልጨምርም። ቡና የምታፈላው እናት አንድ ስኒ ጠጥቶ አንድ ሰዓት የተቀመጠውን እንግዳ ተነሥ አትለውም። ደግሞም በዚያ ድንጋይ ላይ ዋና ዳይሬክተሩና ተላላኪው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማን ማን እንደ ሆነ የሚለይ የለም። ይህን በሌላ ስፍራ በቀላሉ አናገኘውም።

ጧት ማየት የሚገባው አሞራ ገደልን ነው። አሣ አጥማጆቹ በእንጨት ጀልባዎቻቸው ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ይገባሉ፤ ልጆቹም አሣውን ሲልጡ የእጃቸው ፍጥነት ያስደንቃል። መላጣው አባ ኮዳ ደመወዝ እንደሚጠብቅ ጸሐፊ አንገቱን ቀብሮ ተራውን ይጠብቃል። በዛፎቹም ላይ ጦጣና ጉሬዛ አለ። ጥሬውን አሣ በዳጣ የሚበሉ አሉ፤ እኔ ግን እሳት ያየውን እመርጣለሁ።

የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ የሚከበረውም ለሐይቁ ቅርብ በሆነው በጉዱማሌ ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። የዚያን ቀን የሕዝቡን ብዛት ያየ ሰው፣ የሐይቁ ዳርቻ ለምን ሰፊና ክፍት መሆን እንዳለበት ማስረጃ አያሻውም።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንዳንድ ስፍራ አጥሩ እስከ ውሃው ስለ ደረሰ፣ በዳርቻው የሚሄድ እግረኛ ተመልሶ በመኪና መንገድ ለመዞር ይገደዳል። ሆቴል አይሠራ አልልም፤ እንግዳ ማደሪያ ያስፈልገዋል፣ ለልጆቻችንም ሥራ ነው። ነገር ግን በአጥሩና በውሃው መካከል ለሰው መተላለፊያ መተው ምን ያህል መሬት ይወስዳል?

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይብሳል። ወደ ሐይቁ የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባል፤ ከሐይቁ ግን በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ከተራቆተው ኮረብታ የሚታጠበው አፈር፣ የከተማው ቆሻሻ፣ እንግዳው የሚጥለው የፕላስቲክ ጠርሙስ እንኳ ሳይቀር የሚሄድበት አጥቶ እዚያው ይከማቻል። በላይ በኩል የነበረው የጨለለቃ ሐይቅ ዛሬ ረግረግ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። መረቡም ዓይኑ እየጠበበ ስለ ሄደ ያልደረሰው አሣ ጭምር ይወጣል።

ፕላን የሚነድፉት፣ ፈቃድም የሚፈርሙት የዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ናቸው። እንግዲህ በሚቀጥለው ስብሰባ ወደ ሐዋሳ ሲመጡ፣ አዳራሹ እስኪከፈት ድረስ ከጧቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በዳርቻው በእግር እንዲሄዱ፣ መንገዱ የሚቋረጥበትንም ስፍራ በዓይናቸው እንዲያዩልን እንለምናለን። ጀልባዎቹ የሚገቡት በዚያው ሰዓት ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሐይቅ ዳር ነዋሪ