ከልደታ ሜዳ እስከ ጄኔቫ፦ የሲቪል አቪዬሽን ደህንነትና የመንግሥታት ትብብር

የአዲስ አበባው የልደታ አካባቢ በኢትዮጵያ የአቪዬሽን ታሪክ ውስጥ የራሱ ስፍራ አለው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው የመጀመሪያ በረራ የተነሣው ከልደታ ሜዳ ሲሆን፣ ሜዳው ለጄት አውሮፕላኖች አጭር ሆኖ በመገኘቱ አገልግሎቱ በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ ለልደታ የተረፈው ዛሬም ታክሲ የሚጠራበት «ኦልድ ኤርፖርት» የሚለው ስም ነው። በዚያ ዘመን ተሳፋሪን በመደበኛነት መፈተሽ በየትም አገር አልተለመደም ነበር። የሲቪል አቪዬሽን ደህንነት፣ ማለትም አውሮፕላንን፣ መንገደኛንና ማረፊያን ሆን ተብሎ ከሚፈጸም ጥቃት የመጠበቅ ሥራ፣ ራሱን የቻለ የመንግሥታት ጉዳይ የሆነው አውሮፕላን ጠለፋ ከበዛ በኋላ ነው።

የትብብሩ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ በጉባኤው ተሳትፋ ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ1947 ያጸደቀች ሲሆን፣ በዚሁ ስምምነት የተመሠረተውና መቀመጫው ሞንትሪያል የሆነው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ዛሬ 193 አባል አገሮች አሉት። ድርጅቱ ፖሊስም ወታደርም የለውም፤ ያለው የሥራ መለኪያ ማውጣትና መከታተል ነው። ለደህንነት ያወጣው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1974 የጸደቀው የስምምነቱ አባሪ 17 ሲሆን፣ እያንዳንዱ መንግሥት ኃላፊነቱን የሚሸከም አንድ ባለሥልጣን እንዲሰይም፣ ብሔራዊ የደህንነት ፕሮግራም በጽሑፍ እንዲያዘጋጅና ፈታሾቹን እንዲያሠለጥን ያስገድዳል፤ መለኪያውን ሊያሟላ ያልቻለ መንግሥትም ልዩነቱን ለድርጅቱ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በቦሌ ወደ ተርሚናሉ ሲገባ ቀበቶውንና ጫማውን አውልቆ በፕላስቲክ ሣጥን የሚያስቀምጥ፣ ከኢሚግሬሽን በኋላም ይህንኑ የሚደግም መንገደኛ የሚያጋጥመው የዚህ ሰንሰለት የመጨረሻ ቀለበት ነው። በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ የሚያዘው ደንብም እ.ኤ.አ. በ2006 ለንደን ላይ የከሸፈ የቦምብ ሤራ ያስከተለው ነው።

ከፍተሻው ይልቅ አስቸጋሪ የሆነው ግን ወንጀሉ ከተፈጸመ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ነው፤ የአንድ አገር አውሮፕላን በሌላ አገር ሰማይ ላይ ተጠልፎ በሦስተኛ አገር ቢያርፍ ዳኛው ማን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ1963 የተፈረመው የቶኪዮ ስምምነት በዋናነት የአብራሪውን ሥልጣንና የአውሮፕላኑን መመለስ የሚመለከት በመሆኑ ለዚህ በቂ መልስ አልነበረውም። መልሱን የሰጠው የ1970ው የሄግ ስምምነት ጠላፊው የተገኘበት አገር ወይ አሳልፎ እንዲሰጥ ወይ ራሱ ለክስ እንዲያቀርበው ያስገደደ ሲሆን፣ የ1971ዱ የሞንትሪያል ስምምነት ደግሞ ይህንኑ ግዴታ አውሮፕላን ላይ ወደሚፈጸም የማፈንዳትና የማበላሸት ድርጊት አሰፋው።

ኢትዮጵያ የሄግንና የሞንትሪያልን ስምምነቶች ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበራት መከላከያ በአውሮፕላኑ ውስጥ የሚሳፈሩ የታጠቁ ጠባቂዎች ነበሩ። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራህቱ የነበሩበት የሰባት ወጣቶች ቡድን ከአዲስ አበባ የተነሣውን አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲነሣ ጠባቂዎቹ ተኩስ ከፈቱ፤ ሁለቱን ጨምሮ አብዛኞቹ ጠላፊዎች ሞቱ፤ የፈነዳው የእጅ ቦምብ አውሮፕላኑን ቢጎዳም አብራሪዎቹ በሰላም ቦሌ መልሰው አሳረፉት። መንገደኛ በሞላበት አውሮፕላን ውስጥ ጥይት መተኮስ ምን ያህል አደገኛ ቁማር እንደሆነ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

የሄግ ስምምነት አሠራር በግልጽ የታየው የካቲት 4 ቀን 1985 ዓ.ም. ነው። ከፍራንክፈርት በካይሮ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይበር የነበረው የሉፍታንዛ አውሮፕላን በአንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ተጠልፎ ኒው ዮርክ አረፈ፤ ጠላፊው ኢትዮጵያዊ፣ አውሮፕላኑ ጀርመናዊ ሆኖ ሳለ ጉዳዩን የዳኘውና የ20 ዓመት እስራት የፈረደው የአሜሪካ ፍርድ ቤት ነበር።

ፍተሻ ብቻውን ምን ያህል ውሱን እንደሆነ ደግሞ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ታየ። ሦስት ጠላፊዎች ወደ ናይሮቢ የሚበረውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 961 ይዘው አብራሪውን ወደ አውስትራሊያ እንዲወስዳቸው ያስገደዱት ከአውሮፕላኑ በራሱ ባገኙት መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያ እንዲሁም ቦምብ አለን በሚል ማስፈራሪያ ነበር። የነዳጁን ማነስ ያስረዳቸው ካፒቴን ልዑል አባተ ሰሚ አጣ፤ አውሮፕላኑም ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወድቆ ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ።

ከመስከረም 2001ዱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጥቃት በኋላ ትብብሩ ጥርስ አወጣ። ኢካኦ ከ2002 ጀምሮ የአባል አገሮችን የደህንነት ቁጥጥር በራሱ መርማሪዎች ማየት ጀመረ፤ ከ2003 መጨረሻ ጀምሮም የአብራሪዎች ክፍል በር ጥይትና ኃይል የሚቋቋም እንዲሆን ታዘዘ። ኃያላን መንግሥታት በበኩላቸው የየራሳቸውን ደንብ ከድንበራቸው ውጭ ዘረጉ፤ ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ መንገደኛ ቦሌ ላይ በመሳፈሪያው በር እንደገና የሚፈተሸው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከየመን በተላኩ የማተሚያ ማሽን ቀለም ዕቃዎች ውስጥ ፈንጂ ከተገኘ በኋላም ወደ አውሮፓ የሚጫን የአበባ ካርቶን ሳይቀር በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት በተረጋገጠ አሠራር የሚያልፈው ለዚህ ነው። ይህ ጥብቅነት ጥቅም አለው፤ ይሁን እንጂ ትብብር የሚባለው ደንቡን አንዱ አውጥቶ ወጪውን ሌላው የሚሸፍንበት ሲሆን ስሙና ግብሩ ይለያያሉ። በዚህ መስክ አፍሪካውያን በጋራ ለመምከር ያቋቋሙት የአፍሪካ ሲቪል አቪዬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1964 አዲስ አበባ ላይ የተወጠነ፣ በ1969 ሥራ የጀመረና መቀመጫው ዳካር የሆነ ተቋም ነው።

የተጠናከረው በር የራሱን ጉድለት ያሳየው የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። ወደ ሮም ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 702 ካፒቴን ወደ መጸዳጃ ቤት በወጣበት ጊዜ ረዳት አብራሪው በሩን ከውስጥ ቆልፎ 202 ሰዎች የያዘውን አውሮፕላን ወደ ጄኔቫ ወሰደ፤ ከውጭ የሚመጣን ጠላፊ ለማገድ የተሠራው በር ካፒቴኑን ውጭ አስቀረው። ረዳት አብራሪው በመስኮት በገመድ ወርዶ ጥገኝነት ጠየቀ። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በሌለበት 19 ዓመት ከ6 ወር እስራት ቢፈርድበትም ስዊዘርላንድ አሳልፋ አልሰጠችም፤ ጉዳዩን በራሷ የፍትሕ አካላት ያዘች፤ ሄግ የፈቀደውም ይህንኑ ምርጫ ነው። አውሮፕላኑን በሰማይ ያጀቡት የጣሊያንና የፈረንሳይ ተዋጊ ጄቶች ነበሩ፤ የስዊዘርላንድ አየር ኃይል በዚያን ጊዜ ዝግጁ የሚሆነው በቢሮ ሰዓት ብቻ ነበርና። ቀንና ሌሊት ዝግጁ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ነው።