ከዝቅተኛይቱና ከከፍተኛይቱ አውቶሞቢል የትኛዪቱ ትመረጥ?

በደቡብ አፍሪካ፣ ከፕሪቶሪያ ከተማ አጠገብ፣ ሮስሊን በሚባለው ሥፍራ የሚገኘው የቢ.ኤም.ደብሊዩ. ፋብሪካ፣ ኩባንያው ከጀርመን አገር ውጭ ካቋቋማቸው ፋብሪካዎች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ይህ ፋብሪካ 35 ዓመት ያህል «3 ሲሪስ» የተባለችውን ዝቅተኛና ፈጣን አውቶሞቢል ሲሠራ ቆየ። ከ1 ሚሊዮን በላይ ከሠራ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ሥራዋን አቁሞ፣ በዚያው ዓመት በምትኳ «ኤክስ 3» የተባለችውን ከፍ ያለች የምቾት መኪና ማውጣት ጀመረ። ለዚሁ ለውጥ ወደ 6 ቢሊዮን ራንድ የሚጠጋ ገንዘብ ወጥቶበታል። ከሚሠራው አብዛኛውን ወደ ውጭ አገር የሚልክ ፋብሪካ እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚያፈስሰው ለይምሰል አይደለም፤ ገዢው ወዴት እንዳዘነበለ መርምሮ ነው።

ይሁን እንጂ ፋብሪካ የሚመርጠው በየአገሩ ላለው ብዙ ገዢ ሲሆን፣ ነጋዴ የሚመርጠው ለገዛ ኪሱና ለሚሄድበት መንገድ ነው። ስለዚህም የሮስሊን ውሳኔ ለእኛም ውሳኔ ሊሆን የሚችለው ነገሩ ከተመዘነ በኋላ ብቻ ነው።

ለመመዘኑ እነዚሁ ሁለቱ መኪናዎች ይበቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣችው ኤክስ 3 ርዝመቷ 4,708 ሚሊ ሜትር፣ በ2018 የቀረበችው 3 ሲሪስ ደግሞ 4,709 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይኸውም ጎን ለጎን ቢቆሙ በርዝመት አንዲት ሚሊ ሜትር ብቻ ይለያያሉ ማለት ነው። በቤንዚን የሚሠራው ባለ 2 ሊትር ሞተርም በሁለቱም ዘንድ አንድ ዐይነት ሆኖ 184 የፈረስ ጉልበት አለው። ካምቢዮውም በሁለቱም ባለ 8 ማርሽ ነው። እንግዲህ ገዢው በጨመረው ገንዘብ የሚያገኘው ሌላ ሞተር ወይም ረዘም ያለ መኪና አይደለም፤ የሚያገኘው ከፍታን ነው። ከጣሪያ እስከ መሬት ሲለካ ኤክስ 3 ከእኅቷ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ትበልጣለች።

ይህ ከፍታ ዋጋ አለው። ከፍተኛይቱ ከ200 ኪሎ በላይ ስለምትከብድ፣ ያው ሞተር እርሷን ከቆመችበት አንሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለማድረስ 8.3 ሰኮንድ ሲፈጅበት፣ ዝቅተኛይቱን በ7.1 ሰኮንድ ያደርሳል። ክብደቱም ፊት ለፊት ከሚገጥማት ነፋስ ጋር ተዳምሮ ነዳጅ ይጨምራል፤ ጎማና ፍሬንም ያደክማል። የዕቃ ማስቀመጫዋ ሰፊ ነው ይባላል፤ ነገር ግን የኋላ ወንበር ሳይታጠፍ 550 ሊትር ሲይዝ፣ የዝቅተኛይቱ 480 ሊትር ይይዛል። ልዩነቱ 70 ሊትር ነው፤ ይህም ሁለት የጉዞ ሻንጣ አይሞላም። ወንበሩ ሲታጠፍ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በዚህ ጊዜ ከፍተኛይቱ 1,600 ሊትር ስለምትይዝ፣ ከመጋዘን ወደ ሱቅ ካርቶን የሚያመላልስ ባለሱቅ ይህን ቸል ሊለው አይገባም።

እዚህ ላይ የጸሐፊው ልብ ወደ ዝቅተኛይቱ ማዘንበሉን መደበቅ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው የክፍያ መንገድ ላይ የነዳት ሰው፣ መሬቱን ይዛ ሳትወላገድ ስትታጠፍ ያየ ሰው፣ ስለ ምን እንደምንናገር ያውቃል። ይሁን እንጂ ሰው ሁልጊዜ በክፍያ መንገድ ላይ አይውልም።

የዝቅተኛይቱ ሆድ ከመሬት የሚርቀው 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የከፍተኛይቱ 20.4 ሳንቲ ሜትር ነው። በጽሕፈት ሲታይ ጥቂት የሚመስለው ይህ ልዩነት ከዋናው ጎዳና ወጥቶ ወደ መኖሪያ ሠፈር ለሚገባ ሰው ትልቅ ነገር ነው። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታው አንዱ ከሌላው በልክ አይመሳሰልም፤ በክረምት ጎርፍ የነቀለው ኮብልስቶን፣ ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ ወደ ግቢ የሚወስደው መውረጃ ሁሉ የመኪናን ሆድ የሚፈትኑ ናቸው። በዚያም ላይ አራት ሰው ከነጓዙ ሲሳፈር መኪናይቱ ዝቅ ትላለች፤ በመጽሐፏ የተጻፈው ልክም በዚያን ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ለመግዛት ያሰበ ሰው ስለ ፈረስ ጉልበት ከመጠየቁ በፊት መለኪያ ይዞ በገዛ በሩ ላይ ያለውን ጉብታ ቢለካ ይሻለዋል።

ነገር ግን ከፍታ ሲባል የመስክ መኪና ሁሉ አንድ እንዳይመስለን። ቡና ለማየት ወደ ማጠቢያ ጣቢያ በጭቃ መንገድ የሚወርድ ላኪ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዷንም ባይገዛ ይሻለዋል፤ የሚበጀው ፒክአፕ ወይም ሻንሲዋ ጠንካራ የሆነ እውነተኛ የመስክ መኪና ነው። የኤክስ 3 ጎማ ቀጭን ጎን ያለው፣ ለአስፋልት የተሠራ ነውና በሾለ ድንጋይ ላይ ብዙ አይታገሥም። በዚህ ዐይነት መኪናዎች ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ትርፍ ጎማ ስለማይገኝ፣ ከከተማ ርቆ ጎማ የፈነዳበት ሰው የሚገጥመውን መገመት አያዳግትም።

ለአስመጪዎች የጥያቄው መልክ በቅርብ ዓመታት ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ስለ ቤንዚን አውቶሞቢል ይመለከት የነበረው የሞተሩን መጠንና የመኪናውን ዕድሜ እንጂ ቁመቱን አልነበረም፤ በዚህ በኩል ሁለቱ እኩል ነበሩ። በጥር 2016 ዓ.ም. ግን መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ የዝቅተኛይቱና የከፍተኛይቱ ክርክር ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ተዛውሯል። ቢ.ኤም.ደብሊዩም ቢሆን ከአዲሱ የኤሌክትሪክ መኪና ትውልዱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 አስቀድሞ ለሕዝብ ያሳየው ከፍተኛይቱን፣ «አይ ኤክስ 3» የተባለችውን ነው።

በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የከፍታ ጉዳይ ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል። በቤንዚን መኪና ሆድ ሥር ድንጋይ ቢመታ የሚጎዳው የዘይት መያዣው ወይም የጭስ ማውጫው ነው፤ ይህንም ጋራዥ ያቃናዋል። በአብዛኛው የኤሌክትሪክ መኪና ግን በወለሉ ሥር ተዘርግቶ የሚገኘው ባትሪው ሲሆን፣ ከመኪናይቱ ዕቃ ሁሉ በዋጋ የሚከብደውም እርሱ ነው። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ሠፈሮች ዝቅተኛ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የሚያዝዝ አስመጪ፣ ዛሬ በርካሽ ቢሸጥም፣ ነገ ደንበኛው ባትሪው ተጎድቶ በሩን ሊያንኳኳ እንደሚችል ማሰብ አለበት።

ሻጩ ኩባንያ ፕሮፎርማ ሲልክ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጎላው በአንድ ሙሌት የሚሄደውን ርቀትና የመስታወቱን ስፋት ነው። አስመጪው ግን ሦስት ነገር በጽሑፍ እንዲገለጽለት ቢጠይቅ መልካም ነው፤ ይኸውም መኪናይቱ ሙሉ ጭነት ይዛ ሆዷ ከመሬት ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ባትሪውን ከሥር የሚጠብቀው ሽፋን ከምን እንደ ተሠራና ለብቻው ተገዝቶ የሚለወጥ መሆኑን፣ እንዲሁም ትርፍ ጎማ ከዕቃው ጋር መላክ አለመላኩን ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ከ15 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ትእዛዙን ቀንሶ ለዋና ጎዳና ደንበኞች ብቻ ማስቀረት ይገባል።