«ዲቪዲ ነው» ማለት ጥራት አለው ማለት አይደለም

ሐረር ጊደር መጋላ አካባቢም ሆነ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ዲስክ የገዛ ሰው ይህን ያውቃል፤ «ዲቪዲ ነው» ከተባለ ጥያቄ የለም፣ «ቪሲዲ ነው» ከተባለ ግን ፊት ይዞራል። ዛሬ ፊልሙ ወደ ፍላሽና ወደ ስልክ ቢገባም የሰርግና የምርቃት ዲስክ ገና በየቤቱ መደርደሪያ ላይ አለ፤ እምነቱም አብሮት አለ።

እርግጥ ልዩነቱ የፈጠራ ወሬ አይደለም። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ቪሲዲ 74 ደቂቃ ያህል ቪዲዮ በአንድ ተራ ሲዲ ላይ ለማስገባት ሲል ምስሉን ወደ 352 በ288 ነጥብ አሳንሶታል። ሦስት ሰዓት የሚፈጀው የህንድ ፊልም በሦስት ዲስክ ተከፍሎ ይመጣ የነበረው፣ ልክ ዘፈኑ ሲደምቅ ተነስተን ዲስክ እንቀይር የነበረው በዚያ 74 ደቂቃ የተነሳ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው ዲቪዲ 720 በ576 ይይዛል፤ የነጥቡ ብዛት አራት እጥፍ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የመጣው ብሉሬይ 1920 በ1080 ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ብዙም ሳይለመድ ፍላሽ ቀደመው።

ችግሩ ዲቪዲ የዕቃው ስም እንጂ በውስጡ ላለው ምስል ዋስትና አለመሆኑ ነው። «አስር በአንድ» የሚባለውን ዲስክ እንውሰድ። ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ አንድ ፊልም ብቻውን ሲጫንበት በሰከንድ 5,200 ኪሎቢት ያህል ይደርሰዋል። አስር ፊልም ሲታጨቅበት ግን ለእያንዳንዱ የሚተርፈው 520 ገደማ ነው፤ የተናቀው ቪሲዲ ለምስሉ ብቻ 1,150 ይሰጣል! አስር በአንዱ የተሻለ የመጨመቂያ ዘዴ ስለሚጠቀም ጉዳቱ የሂሳቡን ያህል አይከፋም። ቢሆንም ሰው ሲሮጥ፣ ዳንሰኞች ሲሽከረከሩ ስክሪኑ በትንንሽ አራት ማዕዘን ሲበታተን ያየ ሰው ምክንያቱን እዚህ ያገኘዋል።

«የድሮ ሰርጋችንን ከቪሲዲ ወደ ዲቪዲ ብናስቀይረው ይጠራል» የሚለው ደግሞ ገንዘብ የሚያስወጣ ተረት ነው። ቪሲዲው ሲሠራ የተጣለው የሙሽራዋ ጌይ ጋናፊ (የሐረሪ ሴቶች ሱሪ) ጥልፍ በምንም ተመልሶ አይመጣም፤ ጭራሽ እንደገና ሲጨመቅ ከቀረውም ትንሽ ይጎድላል። ጠፍጣፋ ቴሌቪዥንና ኤችዲኤምአይ ገመድም ምስሉን ይለጥጡታል እንጂ አዲስ ዝርዝር አይጨምሩበትም። እንዲያውም ያው ቪሲዲ በድሮው ባለ ሆድ ቴሌቪዥን ላይ ጉድለቱ ይሸፈንለት ነበር።

በድምፅ በኩል ቪሲዲ ከስሙ ይሻላል፤ 224 ኪሎቢት ስቴሪዮ ለሙዚቃ ክሊፕ የሚያሳፍር አይደለም። ባለ ስድስት ስፒከር ሆም ቴአትር መግዛት ግን በሁለት መስመር የተቀዳን ድምፅ ስድስት አያደርገውም፤ ያንኑ ለየስፒከሩ ያከፋፍለዋል።

ከቶሮንቶ የመጣ ዘመድ ያመጣው ኦርጅናል ዲቪዲ አልሠራ ሲልስ? «ዴካችሁ ርካሽ ስለሆነ ነው» ይባላል። ካናዳ በዲቪዲ አምራቾች ክፍፍል ክልል 1 ውስጥ ናት፤ ኢትዮጵያ ከህንድ ጋር ክልል 5 ውስጥ ናት። ዴኩም ዲስኩም ጤነኛ ናቸው፤ የቆለፏቸው አምራቾቹ ናቸው።

«የተጫረ ዲስክ በጥርስ ሳሙና ቢታሽ ይድናል» የሚባለው ነገር ግማሽ እውነት አለው። ሌዘሩ በሚያነብበት በኩል ያለን ቀላል ጭረት ሊያለሰልስ ይችላል። ሲዲና ቪሲዲ ላይ ግን መረጃው የተቀመጠው ከጽሑፉ ሥር ስለሆነ በዚያ በኩል በስክሪብቶ ወይም በጥፍር የተፋቀ ዲስክ መድኃኒት የለውም። የዲቪዲ መረጃ በሁለት ፕላስቲክ መሃል ስለሚገኝ በዚህ ይሻላል። ዲስክ ሲጸዳም ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ ተብሎ ነው፤ እያዞሩ ማሸት ሊያበላሸው ይችላል።

ቪዲዮ ቤት የሚሠራልን የሰርግ ዲስክ በፋብሪካ ከታተመው ይለያል። መረጃው የሚጻፍበት ቀለም በፀሐይና በሙቀት እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ዲስኩ ላይ ምንም ጭረት ሳይታይ አንድ ቀን አልነበብም ሊል ይችላል። ስለዚህ የሰርግዎን ዲስክ ገና በሚነበብበት ጊዜ ወደ ኮምፒውተር ያስገልብጡት፤ ፋይሉን እንዳለ ይውሰዱ፣ እንደገና አያስጨምቁት። ዘንድሮ የሚድሩ ከሆነ ደግሞ ቪዲዮ ቀራጩን ከዲስኩ ጋር ዋናውን ፋይል በፍላሽ እንዲሰጥዎ ይጠይቁት።