ሒሳብን ስድስት ጊዜ የሚያነብ ማጣሪያ

የስፓም ማጣሪያ ወደ መሥሪያ ቤት ሰርቨር የሚገባውን ኢሜይል እየመረመረ ያልተፈለገውንና አጭበርባሪውን ለይቶ የሚያስቀር ፕሮግራም ነው። ሥራውን ሲሠራ ማንም አያስታውሰውም፤ ስሙ የሚነሳው ሲሳሳት ብቻ ነው። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። በትልልቅ መሥሪያ ቤቶቻችን ለሚፈጠረው ስህተት ከሁሉ የተረሳው ምክንያት የአጻጻፋችንን ጠባይ ለማሽኑ አለማስተማራችን ነውና።

ብዙ ማጣሪያዎች ዛሬም የሚጠቀሙበትን አንድ ዘዴ የኮምፒውተር ፕሮግራመሩ ፖል ግርሃም በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ አስፋፍቶታል፤ አንድ ቃል በስፓም ውስጥ ስንት ጊዜ፣ በደህናው ደብዳቤ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደታየ ቆጥሮ መመዘን ነው። አጭበርባሪ የሚወደውን «ሒሳብ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ሂ፣ ሒ፣ ኂ ሦስት ናቸው፤ ሳ እና ሣ ሁለት። አንዱ ቃል ስድስት መልክ አለው ማለት ነው። «አስቸኳይ» ደግሞ በአ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ እና በስ፣ ሥ ስምንት ይሆናል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲጻፉ አርባ ስምንት ዓይነት ጥምረት ይወጣል። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ድምፅ ናቸው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ግን እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ስላገኘ፣ ለማሽኑ ሒ ከሂ የሚለየው ለ ከመ የሚለየውን ያህል ነው። የቆጠራው ማስረጃ በስድስት ቦታ ተበታትኖ ይሳሳል። አጭበርባሪው አውቆ ያቀያይራል፤ ቅኑ ሠራተኛም ሳያውቅ ያቀያይራል። በዚህ ላይ ቅጥያ የያዙት «የሒሳብ»፣ «ለሒሳባችን»፣ «ከሒሳቡ» አሉ። የፊደሉ መበታተን መፍትሔው ከመቁጠር በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መሰብሰብ ነው። ይህ ትርጉም ያጠፋል፣ «ሠረቀ»ንና «ሰረቀ»ን ያደባልቃል የሚል ተቃውሞ አለ፤ ለቋንቋው ከመቆርቆር የመጣ ስለሆነም አከብረዋለሁ። ነገር ግን የሚሰበሰበው ለቆጠራ የተወሰደው ቅጂ እንጂ ደብዳቤው አይደለም። ተቀባዩ የሚያነበው ጸሐፊው እንደጻፈው ነው፤ ፀሐይዋም በሠ ትሠርቃለች።

«አብዛኛው ስፓም በእንግሊዝኛ አይደለም ወይ? ታዲያ ስለ አማርኛ ምን አስጨነቀን?» የሚልም ይኖራል። የሚያስጨንቀው የታሰረው ደህና ደብዳቤ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሰንዳፋ ውስጥ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት አፋን ኦሮሞን በቁቤ፣ አማርኛን በፊደል፣ ከውጭ አቅራቢ ጋር ደግሞ እንግሊዝኛን ሊጽፍ ይችላል። በእንግሊዝኛ ብቻ የሠለጠነ ማጣሪያ የቀሩትን ሁለቱን እንደ እንግዳ ያያቸዋል። ሁለት ሺህ ሠራተኞች በቀን ሃያ ሃያ ደህና ደብዳቤ ቢደርሳቸው 40,000 ነው፤ ከሺህ አንዱ ብቻ በስህተት ቢያዝ በየቀኑ አርባ ደብዳቤ ይቀራል። ከአርባው አንዱ ሰበታ ካለ አቅራቢ የተላከ፣ ጨረታው ሊዘጋ ሰዓታት የቀሩት ፕሮፎርማ ሊሆን ይችላል።

ላኪውን የሚያረጋግጡት ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ይበቃሉ የሚሉ ባለሙያዎችም አሉ። ያለ እነርሱ መሥራት ቸልተኝነት ነው። ሆኖም የሚያረጋግጡት ደብዳቤው ከተባለው ዶሜይን መውጣቱን እንጂ የላኪውን ልብ አይደለም፤ የሒሳብ ሹሙ የይለፍ ቃል ከተሰረቀ ሌባው ሦስቱንም በሰላም ያልፋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያለ ፈቃድ ማስታወቂያ በኢሜይል ማሰራጨትን ይቀጣል፤ ላኪው ባሕር ማዶ ሲሆን ግን እጁ ያጥራል።

ስለዚህ ማሽኑን የማስተማሩ ሥራ በተጠቃሚው ጠቅታ ላይ ይወድቃል፤ ብዙዎቻችንም እንዋሻለን። በስህተት የታሰረውን ደብዳቤ አንብበን «ስፓም አይደለም» ሳንል እንወጣለን። ከዚህ የከፋው፣ ከሰው ሀብት ክፍል የሚመጣ ማስታወቂያ ሲሰለቸን ከመሰረዝ ይልቅ «ስፓም» ብለን መፈረጃችን ነው። የማጣሪያው መዝገብ ለሁሉ የጋራ በሆነበት መሥሪያ ቤት ጥቂት ሰዎች ይህን ሲደጋግሙ፣ «ደመወዝ» እና «የዓመት ፈቃድ» የሚሉት ቃላት ይጠረጠራሉ፤ የማያውቁት ባልደረባቸው ሲጠብቀው የሰነበተው የፈቃድ ምላሽም ስፓም ፎልደር ውስጥ ያድራል።